አምስተኛውን ካሴት ፍለጋ ወደ ካዛንቺስ

ፎቶ ኮፒ ልታስነሱ በመጣችሁ ቁጥር «አዲስ አበባ ምን ልትሠራ ሄደህ ነበር?» እያላችሁ ሥራ ስላስፈታችሁኝ፣ ይኸው አንዴ ጽፌ ልገላገል። አራት ቀን ነው የፈጀብኝ። ከአራቱ ቀን ሦስቱን ግራ እንደገባኝ ነው ያሳለፍኩት። ቡታጅራ የሚያውቀኝ ሁሉ «ሽመልስ ቆፍጣና ነው» ይላል፤ እዚያ ብታዩኝ ኖሮ ታዝኑልኝ ነበር።

መነሻውን ልንገራችሁ። የዛሬው ኮፒ ቤቴ ድሮ ሙዚቃ ቤት ነበር። ደንበኛ የሚወዳቸውን ዘፈኖች መርጦ ይነግረኛል፤ እኔ ከሌላ ካሴት እየቀዳሁ፣ ላዩ ላይ «ልዩ ምርጥ» ብዬ በእጄ ጽፌ እሰጠዋለሁ። መጨረሻው ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ባዶ ክር ከተረፈ እንዲሁ መስጠት ነውር ነበር፤ ያገኘሁትን ሞልቼበት ነው የምሰጠው። አንድ ክረምት ያገኘሁት የእህቴን የስንዱን ድምፅ ነው።

ስንዱ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ራሷ ያወጣችውን ዘፈን፣ ሱቁን ዘግተን፣ «ለሁለታችን ብቻ» ብላ ነው የቀረፀችው። እኔ ደግሞ ኮራሁባትና ሳልነግራት በአምስት ሰው ካሴት ጫፍ ላይ ሞላሁት። አባታችን ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሰማው። ዋናውን ካሴት የማጫውትበት ቴፕ ክሩን የሚያዞረው ላስቲክ ላልቶ ስለነበር ቅጂው ላይ ድምፁ ወፍሯል፤ መሀል ላይም አንድ ቦታ እንደደከመው ሰው ጎተት ይላል። አባቴ ግን ልጁን አላጣትም። ቤት መጥቶ «ስሜን ሻይ ቤት አዋልሽው» አላት። ከዚያ ወዲያ ስንዱ አልዘፈነችም። ሠርግ ላይ እንኳ ታጨበጭባለች እንጂ አፏን አትከፍትም። እኔ «ሁሉንም ሰብስቤ አጥፍቼዋለሁ» ብዬ ማልኩላት። ዋናውን አጥፍቼ ከአምስቱ የሰበሰብኩት ግን አራት ነው። አምስተኛውን የወሰደው ወልዴ የሚባል የአዲስ አበባ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ተመልሶ አልመጣም።

ባለፈው ወር ልጄ ሜሮን ስልኳን ይዛ መጥታ «አባዬ፣ ይሄን እስቲ ስማ» አለችኝ። አንድ ወጣት በወፍራም ድምፅ ይዘፍናል። የስንዱ ዘፈን ነው። መሀሉ ላይ ሲደርስ ጊታሩም፣ ከበሮውም፣ ልጁም አንድ ላይ ጎተት አሉ፤ ልክ የእኔ ቴፕ በሚጎተትበት ቃል ላይ። ከሥሩ «ባለቤቱ ካልታወቀ ካሴት የተወሰደ» ይላል። ቅዳሜ ካዛንቺስ፣ አንድ ካፌ ሰገነት ላይ እንደሚያቀርቡትም ተጽፏል። ስንዱ ሳትሰማው ሄጄ አስጠፋዋለሁ አልኩ። የማልኩላት መሐላ ውሸት መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ እንድታውቅብኝ አልፈለግኩም።

ሐሙስ

ስንዱ የምትኖረው ግቢያችን ውስጥ ነው። የኮፒ ማሽኑ ዕቃ ልገዛ ነው አልኳት። ዳቦና ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝና «ከሄድክ አይቀር የዚያን የቴፕህን ላስቲክ ግዛለት» አለችኝ። ቴፑ ቆጥ ላይ ከወጣ ስንት ዘመኑ። «ማን ሊሰማበት?» ብላት «እንጃ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እህቴ አረጀች አልኩ በልቤ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከእግሬ ሥር የበርበሬ ጆንያ ተጭኖ ነበር። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር በርበሬው ቡን ይላል፤ ጉድጓድ ባለፍን ቁጥር መኪናው ሙሉ ያስነጥሳል። ሹፌሩ ሲያስነጥስማ ሁላችንም መቀመጫችንን ጨበጥን። አየር ጤና ስወርድ ዓይኔ ፍም መስሎ አንዲት ሴት «አይዞዎት አባት፣ ማን ሞተብዎት?» አለችኝ። በርበሬ ነው ለማለት አፈርኩና «የሩቅ ዘመድ» አልኳት። የመጀመሪያው ውሸት ከአንደበቴ ከወጣ በኋላ ሌላው እንዴት እንደሚቀል።

ሜክሲኮ ደርሼ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ስላየሁ ተሰለፍኩ። እኛ አገር ሰልፍ ካለ አንድ የሚፈለግ ነገር አለ፣ ትሰለፋለህ። እዚህ ለካ ሰልፉ እንደየአቅጣጫው ነው። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ተራዬ ሲደርስ ታክሲው ወደማላውቀው ሰፈር ነው የሚሄደው። ከኋላዬ የነበረች ልጅ እጄን ይዛ ትክክለኛው ሰልፍ መጨረሻ ላይ አቆመችኝና ተመልሳ የራሷን ሰልፍ ከጭራው ጀመረች። በእኔ ምክንያት ተራዋን አጣች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ያረፍኩት ራድያ ቤት ነው። ራድያ ቡታጅራ አጥር ለአጥር ያደግን ጎረቤታችን ናት፤ አሁን ቂርቆስ፣ ከደምበል ጀርባ መጋረጃ ትሰፋለች። ቤቷ ጠባብ ስለሆነ ከመጋረጃ ጥቅል መሀል ነው የምትተኛው፤ ያንንም አልጋ ለእኔ ለቃ እሷ ምንጣፍ ላይ ወረደች። ብለምናት አልሰማ አለች።

«ሽሜ፣ ዝም ብለህ ተኛ። እንግዳ አይከራከርም። ነገ ዓርብ ነው አይደል? የጾም ድስት ለብቻው አጥቤልሃለሁ» አለችኝ። እሷ ሙስሊም ናት፤ የእኔን ጾም ከእኔ ይልቅ የምታስታውሰው እሷ ናት። ለምን እንደመጣሁ ስትጠይቀኝ ለእሷም የኮፒ ማሽን ዕቃ ነው አልኳት።

ዓርብ

ጠዋት በመስቀል አደባባይ በኩል በእግሬ ወደ ካዛንቺስ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ሽበታም ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ይሮጣሉ። ቡታጅራ አንድ ሽማግሌ ሲሮጥ ከታየ ሰው አብሮት ይሮጣል፣ ቤት ተቃጠለ ብሎ። እዚህ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም።

እኔ የማውቀው ካዛንቺስ የቆርቆሮ አጥር ተደጋግፎ የቆመበት፣ በጠባብ መተላለፊያ ተያይዞ የሚኬድበት ሰፈር ነው። አሁን ሰፊ አስፋልት፣ ለብስክሌት የተለየ መንገድ፣ አበባና መብራት ነው። ያምራል፤ ግን ሰው «ከዚያ ሱቅ በግራ ታጠፍ» የሚልበት ሱቅ የለም። በእጄ ያለው ምልክት ሜሮን ስልኬ ላይ የጫነችልኝ ቪዲዮ ብቻ ነው። ቪዲዮው የተቀረፀው አረንጓዴ በር ያለው ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። ልጁ መሀል ቆሞ ይዘፍናል፤ አዝማቹ በተመለሰ ቁጥር አንድ ዕቃ ይጎድላል። መጀመሪያ ሶፋው፣ ቀጥሎ ቡፌው፣ ከዚያ ምንጣፉ፣ ከዚያ መጋረጃው። ዕቃውን የሚያወጡት እናቶችና ጎረምሶች ካሜራውን ዞር ብለው አያዩም። ዘፈኑ በሚጎተትበት ቦታ ላይ ሁሉም እንደ ተኙ ሰዎች ቀስ ብለው ይራመዳሉ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ግድግዳው ላይ የፎቶ ፍሬም የነበረበት ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ነው። ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያልቅሱ ይሳቁ፣ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

ለአንዲት የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ስልኩን አሳየኋትና «ይሄ አረንጓዴ በር የት ነው?» አልኳት።

«አባት፣ ይሄ ቤት እኮ የለም። ሰፈሩም የለም፤ ተነስተዋል።»

«አሁን እያየሽው?»

«ቪዲዮ ላይማ ሁሉም አለ» አለችኝና ደረሰኝ መቁረጧን ቀጠለች።

ውኃ ሲጠማኝ አንድ ካፌ ገባሁ። ሻይ ያመጣልኝ ወጣት ስልኬን አሻግሮ አይቶ «ውይ፣ ይሄን ባንድ ይወዱታል እንዴ?» አለ። እግዜር ጣለልኝ አልኩ። «የትኛው ሙዚቃ ቤት ነው ያወጣው?» ስል ጠየቅኩት።

«ማንም አላወጣውም። ራሳቸው ናቸው። ማለቴ፣ ኢንዲ ናቸው በቃ።»

«አሳታሚ የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«ካሴቱን ማን ይሸጥላቸዋል?»

«ካሴት?» ብሎ ሳቀና ሳቁን ቶሎ ዋጠው። «አይሸጥም ጋሼ። ዝም ብሎ ይለቀቃል፣ ሰው ይሰማዋል።»

ሃያ ዓመት ዘፈን ሸጬ ኖሬያለሁ። የማይሸጥ ዘፈን ለምን ተብሎ እንደሚደከምበት ሊገባኝ አልቻለም። ልጁ ግን ደግ ነው፤ ደንበኛ እስኪመጣ ብሎ አጠገቤ ቁጭ አለና ከስልኩ ሌሎችንም አሰማኝ። አንዷ የድስት ክዳንና ማንኪያ ብቻ እያንቃጨለች ነው የምትዘፍነው። ሌሎቹ ደግሞ ፊታቸውን ኮፒ ማሽን ላይ እያስተኙ፣ አንድ በአንድ እያስነሱ፣ ወረቀቱን ደርድረው ቪዲዮ ሠርተውበታል፤ አፋቸው ወረቀት ላይ ሲዘፍን ታያለህ። ስንት ቀለም እንደጨረሰ ሳስብ ዘፈኑን ሳልሰማው አለቀ። የወደድኩትም ነበር፣ ያፈርኩበትም ነበር፤ የቱ የቱ እንደሆነ ግን አሁንም አልለየሁም።

«የእርስዎ ግን ከቨር ነው» አለኝ። «የሌላ ሰው ዘፈን ወስደህ በራስህ መንገድ ስትጫወተው።»

«ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ?»

«ባለቤቱ አይታወቅማ።»

«ብትታወቅስ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሻዬን ፉት አልኩ። ልጁም አልጨቀጨቀኝም፤ የሚለማመዱበትን ቦታ ሪሲት ጀርባ ላይ ሥሎ ሰጠኝ። ቂርቆስ፣ ከደምበል ጀርባ፣ ከጎሚስታው በላይ፣ ፎቅ ላይ። ከራድያ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ማለት ነው። ሙሉ ቀን ካዛንቺስን ስዞር የዋልኩት በደጃቸው አልፌ መጥቼ ነው።

ማታ ሽሮዬን እየበላሁ ለራድያ ሪሲቱን አሳየኋት። «እነዚህማ ድምፅ እንዳይወጣ ብለው ጥቁር መጋረጃ ያሰፉኝ ልጆች ናቸው። ለምን አልጠየቅከኝም?» አለችኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ አምስተኛውን ካሴት፣ መሐላውን፣ የመጣሁበትን። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ወግታ አስቀመጠችና «የስንዱን ድምፅ እኔም አስታውሰዋለሁ። ከአጥሩ ወዲያ ሆኜ እሰማት ነበር» አለች። ቀጥላም «የምታስጠፋው ለእሷ ብለህ ነው ወይስ ለራስህ?» ብላ ጠየቀችኝ። የተረፈውን ሽሮ ገፋ አደረግኩት።

ቅዳሜ

ራድያ ሥራዋን ትታ ይዛኝ ሄደች። ጎሚስታው ጎማ ይነፋል፣ ከበላዩ ደግሞ ከበሮ ይመታል። የከፈተልን የቪዲዮው ዘፋኝ ናቲ ነው። አጠገቡ ካሜራ የምትጠግን ቤዛ የምትባል ልጅ አለች፤ ቪዲዮውን የሠራችው እሷ ናት። «ጋሼ ይግቡ፣ እትዬ ራድያ ይግቡ» ብለው ካላቸው ሁለት ወንበር ሁለቱንም ለቀቁልን።

ለነገር ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። «ዘፈኑን ከየት አመጣችሁት?» አልኳቸው ቆጣ ብዬ። ቤዛ ከመሳቢያ አንድ ካሴት አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት ላይ «ልዩ ምርጥ፣ ለአቶ ወልዴ» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

«አያቴ ነው» አለችኝ። «የካዛንቺሱን ቤት ለቀን ልንወጣ ዕቃ ስንጠቀልል ከቡፌው ኋላ ወድቆ አገኘሁት። ቪዲዮውን የቀረፅነው በዚያው ሳምንት ነው። ዕቃ የሚያወጡት ትወና አይደለም፤ ቤተሰቤ እየለቀቀ ነበር። ሌላ ጊዜ አልነበረንም።»

ያኔ ገባኝ፤ ሃያ ጊዜ ያየሁት ቪዲዮ። ቁጣዬን ወዴት ላድርገው? ካሴቱን ያዞርኩት እኔ፣ የጻፍኩበት እኔ፣ እነሱ ደግሞ ከሚፈርስ ቤት ያወጡት። ቢሆንም ጨከንኩና የማን ድምፅ እንደሆነ ነገርኳቸው።

ናቲ ጊታሩን አስቀመጠ። «ሴት ናት? እኛ ወንድ መስሎን ነበር። ወፍራም ድምፅ ስለሆነ እኔ ልዝፈነው ብዬ እኮ ነው።»

«ቴፔ ነው ያወፈራት።»

«መሀል ላይ የሚዘገየውስ?»

«ላስቲኩ ነው» አልኩት። «ብልሽት ነው።»

ሁለቱ ተያዩ። «እሱን ቦታ አንድ ወር ነው የተለማመድነው» አለ ናቲ። ራድያ ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅኩ፤ ከሐሙስ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እህቴ ሳትሰማው አጥፉልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ይከራከሩኛል ብዬ ነበር። ናቲ ግን ወዲያው «እሺ ጋሼ። እሳቸው ካልፈቀዱ አንዘፍነውም፣ እናጠፋዋለን» አለ። ስልኩን አንስቶ ሊያጠፋ ሲል ቤዛ እጁን ያዘችው።

«ቆይ። ጋሼ፣ ከማጥፋታችን በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ። ቪዲዮውን በለቀቅን ሰሞን አንዲት ሴትዮ ጻፈችልን። ቀልድ መስሎን ስቀን አልፈነው ነበር።»

ስልኩን ተቀብዬ መነጽሬን አደረግኩ። ከሁለት ወር በፊት የተጻፈ ነው። ስም የለውም፤ ፎቶው የእኛ ግቢ የሎሚ ዛፍ ነው። እንዲህ ይላል፦ «እዚህ ጋ ዘፈኑ አይዘገይም። የወንድሜ ቴፕ ላስቲክ ላልቶ ነው። ፈጠን አድርጋችሁ ዝፈኑት።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ውጭ ደረጃው ላይ ወጥቼ ደወልኩ።

«ደረስክባቸው?» አለች ስንዱ፣ ሃሎ ሳልላት።

«መቼ አየሽው?»

«ሜሮን ናት ያሳየችኝ። ለአባትሽም አሳዪው ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«አንተስ?»

ጎሚስታው ጎማ ያንከባልላል፤ እኔ ስልክ ይዤ ቆሜያለሁ። «ልጆቹ እናጠፋዋለን ብለዋል» አልኳት መላ ሲጠፋኝ።

«አጥፉት ያላቸው ማነው?» አለችኝ። «ካሴቱን ይዘህልኝ ና። ላስቲኩን እንዳትረሳ።»

ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካፌው ሰገነት ሞላ። ሰው ያንን ዘፈን እየጠራ ሲያጨበጭብ ናቲ «የዘፈኑ ባለቤት ተገኝታለች፤ እስክትፈቅድልን እንጠብቃለን» አለ። እኔ ራድያ አጠገብ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ። ሙዚቃ ቤት በነበረኝ ዘመን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብዬ ማንንም አስጠብቄ አላውቅም።

እሑድ

ራድያ በጠዋት ወጥታ ከአንድ ራዲዮ ጠጋኝ ደንበኛዋ ላስቲኩን ይዛልኝ መጣች። «ለስንዱ ከእኔ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ላለችው በላት» አለችኝ። ቤዛ «ይውሰዱት» ብላ የሰጠችኝን ካሴት በደረት ኪሴ ይዤ፣ መንገዱን ሙሉ በእጄ እየዳሰስኩት ቡታጅራ ገባሁ።

ስንዱ ቴፑን ከቆጥ አውርዳ፣ አቧራውን ጠርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ላስቲኩን ቀየርኩ፣ ካሴቱን ከተትኩ፣ ጫፉ ላይ አደረስኩት። ያ ወፍራም ድምፅ ወጣ። ላስቲኩ አዲስ ቢሆንም ክሩ ላይ የተቀዳው ያው ነው። ሞተሩ ጀርባ ግን ፍጥነት የምትጨምር ትንሽ ቪቴ አለች፤ ካቻቢቴዬን አስገባሁ። ትክክለኛው ፍጥነት የቱ እንደሆነ ግን አላውቅም። የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«ስንዱ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት፣ ዓይኔን ከቪቴዋ ሳላነሳ።

«አዙር» አለችኝ።

አዞርኩ። ድምፁ ቀጠን አለ።

«ጨምር። ትንሽ። አይ፣ አለፍካት፤ መልስ።»

መለስኩ።

«ቁም» አለች። «ይቺ እኔ ነኝ።»

አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ቤታችን ውስጥ ትዘፍናለች። መሀል ላይ ስትደርስ ያው ጎተት አለች፤ እሱን ምንም ቪቴ አይመልሰውም። ስንዱ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲያልቅ ቴፑን ራሷ አጠፋችው።

«ለልጆቹ ጻፍላቸው» አለችኝ። «ይዝፈኑት። ወንዱ ልጅም ይዝፈነው፣ ግድ የለኝም። ግን ስሜን ይጻፉበት።»

«ስንዱ ብቻ ልበላቸው?»

«ከነአባቴ» አለች።